መንግሥት በግዢው ጊዜ ለአገር ገበሬ እህል ስለሚሰጠው ቅድሚያ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

መንግሥት ራሱ ትልቅ ገዢ ነው። ወታደሩን ይቀልባል፤ በሐኪም ቤት የተኛውን ሕመምተኛ ይመግባል፤ ድርቅ በደረሰ ጊዜ ለተራበው ይሰፍራል፤ በዛሬው ዘመን ደግሞ በብዙ አገር ለተማሪዎች ምሳ ያበላል። ይህ ሁሉ እህልና ጥራጥሬ፥ ወተትና ዕንቍላል፥ ዘይትና አትክልት ይፈልጋል። እንግዲህ መንግሥት ገንዘቡን ይዞ ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ ከማን ይግዛ? ባሕር አሻግሮ ከሚያመጣው ነጋዴ ነውን? ከከተማው ባለ መጋዘን ነውን? ወይስ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ከሚያርሰው ገበሬ?

አባቶቻችን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ። ምሳሌው አጭር ነው፤ ሥራው ግን አጭር አይደለም። ብዙ መንግሥታት ከአገር ገበሬ ይገዛ ብለው ሕግ አውጥተዋል፤ ሕጉ በወጣበት ቀን ግን የገበሬው ጎተራና የመንግሥት ሣጥን ወዲያው አልተገናኙም። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ለአገር ምርት ቅድሚያ መስጠት በትእዛዝ ብቻ አይጸናም፤ ግዢው በገበሬው ልክ ተሰፍቶ ሲቀርብ፥ ገበሬውም ቃሉንና ጥራቱን ሲጠብቅ ነው እንጂ።

በዚህ ጽሑፍ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩ኛ ክፍል። ቅድሚያ ማለት ምን ማለት ነው

በግዢ ነገር ቅድሚያ ማለት፥ ሻጮች ተወዳድረው በቀረቡ ጊዜ መንግሥት አስቀድሞ በተጻፈ ሕግ ለአንደኛው ወገን መንገድ መልቀቅ ነው። አስቀድሞ በተጻፈ ሕግ ማለታችንን አንባቢው ልብ ይበል። ሕግ ሳይኖር ሹሙ ለወደደው ቢያዳላ፥ ያ አድልዎ ነው እንጂ ቅድሚያ አይባልም። የቅድሚያውም መንገድ ከሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው በዋጋ አስተያየት ማድረግ ነው። ለምሳሌ ሕጉ ለአገር ምርት ከመቶ 10 አስተያየት ፈቅዶ እንደ ሆነ፥ ከውጭ የመጣው ስንዴ 100 ብር፥ የአገሩ ስንዴ 108 ብር ቢጠየቅበት፥ መርማሪው ለማመዛዘን ያህል የውጭውን 110 ብር አድርጎ ይቈጥረዋል። ስለዚህ የአገሩ ስንዴ ያሸንፋል፤ የሚከፈለውም 108 ብር ነው። ነገር ግን የአገሩ ስንዴ 120 ብር ቢጠየቅበት ይሸነፋል፤ አስተያየቱ ወሰን አለውና።

ሁለተኛው ድርሻ መለየት ነው። ይኸውም ለምግብ ከተመደበው ገንዘብ ይህን ያህሉ ከገበሬ ብቻ ይገዛበት ብሎ መወሰን ነው።

ሦስተኛው የግዢውን አኳኋን መለወጥ ነው። አንድ ትልቅ ጨረታ ለብዙ ትንንሽ ቢከፈል፥ ወይም ጐመኑ በተቈረጠ በማግሥቱ ይድረስ የሚል ግዴታ ቢጻፍ፥ በዋጋ ምንም ሳይጨመር ለጎረቤት ገበሬ በር ይከፈታል። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሁለቱ አያንስም።

፪ኛ ክፍል። ስለ ምን ቅድሚያ ይሰጣል

መኸር ሲገባ ገበሬው ዕዳውን ሊከፍል፥ ግብሩን ሊያገባ፥ ልጁን ሊያለብስና ሊድር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ወር ወደ ገበያ ይወርዳል። እህል በበዛበት ቀን ዋጋ ይወድቃል። ነጋዴው በዝቅተኛ ዋጋ ገዝቶ ያከማቻል። ክረምት ሲገባ፥ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፥ ያው ገበሬ ጎተራው ባዶ ሆኖ የራሱን እህል በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል። ይህን ነገር ሽማግሌዎች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

የመንግሥት ግዢ ይህን ክፉ ልማድ ሊያቃልለው የሚችለው፥ ሳይዘራ በፊት ስለሚታወቅ ነው። ትምህርት ቤት ስንት ልጅ እንዳለው፥ ስንት ቀን እንደሚያስተምር፥ በቀን ስንት ኪሎ እንደሚበላ አስቀድሞ ይታወቃል። ገበሬው ይህን ያህል ባቄላ በዚህ ዋጋ የሚገዛኝ አለ ብሎ ካወቀ፥ ለመዝራትም፥ ለማዳበሪያ ለመበደርም፥ እህሉን ለማቈየትም ይደፍራል።

ዳግመኛም ለጎረቤት ገበሬ የተከፈለው ገንዘብ ከመንደር አይርቅም። ወደ አንጥረኛው፥ ወደ ሸማኔው፥ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይዞራል። ልጆቹም ሆዳቸው የለመደውን እህልና አዲስ የተቈረጠውን አትክልት ይበላሉ።

ነገር ግን ተቃዋሚ ቢነሣ፥ «የመንግሥት ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ርካሹ ሳለ ውዱን መግዛት ከሕዝብ ሣጥን መስረቅ አይደለምን?» ሊል ይችላል። ይህ ቃል በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። መልሱም ቅድሚያ ሊኖረው የሚገባውን ወሰን በማስረዳት ነው። አንደኛ፥ ዋጋው ከአካባቢው ገበያ ጋር ተመዛዝኖ ይቈረጥ። ሁለተኛ፥ ለአገሩ ሻጭ ተብሎ የጥራት ደረጃ አይዝቀ ፤ ልጅ የሚበላውን ነገር በርኅራኄ መመዘን አይገባም። ሦስተኛ፥ በሩ ለጥቂት ወዳጆች ሳይሆን ደንቡን ለሚያሟላ ገበሬ ሁሉ ይከፈት። አራተኛ፥ በድርቅ ዓመት እህል ባነሰበት ገበያ መንግሥት ብዙ ቢገዛ ዋጋውን ሰቅሎ እህል ሸምቶ የሚያድረውን ድኻ ይጐዳዋል፤ በዚያ ዓመት ምርት ከተረፈበት ሌላ አውራጃ ወይም ከውጭ ማምጣት ይሻላል። ወሰኑን ያላወቀ ቅድሚያ ለአንዱ ድኻ ሲያስብ ሌላውን ድኻ ይረግጣል።

፫ኛ ክፍል። የሌሎች አገሮች ምሳሌ

በአሜሪካ በ1946 የወጣው ብሔራዊ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ ሁለት አሳብ በአንድ ላይ ይዞ ነበር፤ የልጆችን ጤና መጠበቅና የአገሩን የእርሻ ምርት በአገሩ ውስጥ እንዲበላ ማበረታታት። ነገር ግን በማዕከላዊው መንግሥት ገንዘብ የሚደረግ ግዢ ሁሉ በነጻ ውድድር ይሁን የሚለው ደንብ፥ ትምህርት ቤቶች የጎረቤታቸውን ገበሬ እንዳያስቀድሙ ያግዳቸው ነበር። በ2008 የወጣው የእርሻ ሕግ ይህን አላላ። ባሕርዩ ላልተለወጠ ምርት፥ ይኸውም ታጥቦ፥ ተላጦ፥ ተከትፎ፥ ደርቆ ወይም በበረዶ ቀዝቅዞ ለሚቀርበው፥ በአካባቢው በመብቀሉ ቅድሚያ እንዲሰጠው ፈቀደ። ከ2024 ሐምሌ ወር ጀምሮም በአካባቢው የበቀለ መሆኑ ራሱ በጨረታው ውስጥ እንደ ግዴታ እንዲጻፍ ተፈቀደ። ከሕጉ አሳብ እስከ አፈጻጸሙ ስንት ዘመን እንዳለፈ አስተውሉ።

ለእኛ ይልቁንም የሚጠቅመው የብራዚል ምሳሌ ነው፤ ትንንሽ ገበሬዎች የሞሉባት አገር ናትና። በዚያ አገር ጆዙዌ ዴ ካስትሮ የተባለ ሐኪም በ1946 ስለ ረኃብ መጽሐፍ ጽፎ፥ ረኃብ ከሰማይ ብቻ የሚወርድ ሳይሆን ከሰዎች አኗኗር የሚመጣ መሆኑን አስረዳ። በ1955 የትምህርት ቤት ምግብ ዘመቻ ተጀመረ። በመጀመሪያ ጊዜ ለልጆች ከሚቀርበው ብዙው ከውጭ በርዳታ የመጣ የዱቄት ወተትና ይህን የመሰለ ነገር ነበር፤ ቆይቶም በፋብሪካ የተዘጋጀ ምግብ በዋና ከተማ ተገዝቶ በሰፊው አገር ይበተን ነበር። ገበሬው በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ያርሳል፤ የልጁ ምሳ ግን ከሩቅ በቆርቆሮና በከረጢት ይመጣል።

በ1988 የወጣው ሕገ መንግሥት የተማሪን ምግብ ከመንግሥት ግዴታዎች አንዱ አደረገው። በ1994 ደግሞ የግዢው ሥልጣን ከዋና ከተማ ወደ ክፍለ ሀገሮችና ወደ ከተማ አስተዳደሮች ወረደ። ይህ ለውጥ ትልቅ ነው፤ በሩቅ ያለ ሹም አንድ ጋሪ ጐመን ሊገዛ አይችልም፤ በቅርብ ያለው ግን ይችላል። በ2003 መንግሥት ከትንንሽ ገበሬዎች ያለ ጨረታ እየገዛ ለችግረኞችና ለበጎ አድራጎት ቤቶች የሚያድልበት ሌላ ሥራ ተጀመረ። በ2006 ሕጉ የቤተ ሰብ ገበሬ ማን እንደ ሆነ ወሰነ፤ መሬቱ ከተወሰነ ልክ የማያልፍ፥ በይበልጥ በቤተ ሰቡ ጕልበት የሚያርስ፥ እርሻውንም ራሱ ከቤተ ሰቡ ጋር የሚያስተዳድር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2009 ሕግ ቁጥር 11947 ወጣ። በዚህም ሕግ ማዕከላዊው መንግሥት ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚልከው ገንዘብ ቢያንስ ከመቶ 30 በቀጥታ ከቤተ ሰብ ገበሬዎች እንዲገዛበት ታዘዘ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ይህ ድርሻ ከ2026 ጀምሮ ወደ 45 ከመቶ ከፍ እንዲል ደነገገ። የሚመገቡት ልጆችም ወደ 40 ሚሊዮን ይጠጋሉ።

አሁን የሕጉን ስፌት እንመርምር። አንደኛ፥ ገበሬው ከትልቅ ኩባንያ ጋር በጨረታ እንዳይጋጠም፥ ሕዝባዊ ጥሪ የሚባል መንገድ ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገውን ዓይነት፥ መጠንና ጊዜ፥ በገበያ ጥናት የተቈረጠውንም ዋጋ ጽፎ ያስታውቃል፤ ገበሬውም በዋጋ ሳይሆን ማቅረብ በመቻሉ ይወዳደራል። ሁለተኛ፥ በመጀመሪያ የዚያው ከተማ ገበሬ፥ ከእርሱ ቀጥሎ የአካባቢው፥ ከዚያም የክፍለ ሀገሩ፥ በመጨረሻ የአገሩ ገበሬ ይታያል። ሦስተኛ፥ ጥቅሙ በጥቂቶች እጅ እንዳይጠቀለል አንድ ቤተ ሰብ በዓመት ሊሸጥ የሚችለው ተወሰነ፤ በ2009 9,000 ሬያል የነበረው በ2012 ወደ 20,000፥ በ2021 ወደ 40,000 ሬያል ከፍ ብሏል። አራተኛ፥ የምግቡን ዓይነት የሚወስነው በምግብ ትምህርት የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ እርሱም በአገሩ የሚበቅለውንና የሚበላውን ተመልክቶ ያዘጋጃል። አምስተኛ፥ ወላጆች፥ መምህራንና ሌሎች የሕዝብ ወኪሎች ያሉበት ጉባኤ ሒሳቡንና ምግቡን ይመረምራል።

ሕጉ ደግሞ ቅን ነው። ገበሬው ሕጋዊ ደረሰኝ መስጠት ያልቻለ እንደ ሆነ፥ ምርቱን ሳያቋርጥ ማቅረብ ያልቻለ እንደ ሆነ፥ ወይም የንጽሕናው ነገር የጐደለ እንደ ሆነ፥ አስተዳደሩ ከግዴታው ነጻ ሊወጣ እንደሚችል በ2009 ተጽፏል። እነዚህ ሦስት ምክንያቶች የገበሬው ሦስት ድካሞች ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ከተሞች የታዘዘውን ድርሻ ሊያደርሱ ያልቻሉትም በእነዚህና በመሰሎቻቸው ነው።

፬ኛ ክፍል። ቅድሚያን ስለሚያፈርሱ ነገሮች

ከላይ ከተነገረው ምሳሌ የምንማረው፥ መልካም ሕግ በአምስት ነገር ሊፈርስ እንደሚችል ነው።

የመጀመሪያው የመጠን አለመመጣጠን ነው። ገዢው 1,000 ኩንታል በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ገበሬው ያለው 5 ኩንታል ነው። ለዚህ መድኀኒቱ ሁለት ነው፤ ገዢው ግዢውን ይከፋፍል፥ ገበሬውም በኅብረት ሥራ ማኅበር ይሰብሰብ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏልና።

ሁለተኛው የጥራት ጕድለት ነው። በይበልጥ በቈሎና ለውዝ ርጥበት ሳይለቃቸው ከተከማቹ ሻጋታ ይይዛቸዋል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል፥ ጕበትን የሚጐዳ መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ ሲቀቀልም ሲጋገርም ጨርሶ አይጠፋም። ስለዚህ መንግሥት እንዲህ ያለውን እህል ሲመልስ ገበሬውን ጠላ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው የክፍያ መዘግየት ነው። ነጋዴው በዝቅተኛ ዋጋ ይግዛ እንጂ ገንዘቡን በዚያው ሰዓት ይቈጥራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ፊርማ በፊርማ ላይ ሲጠብቅ ወራት ቢያልፉ፥ የልጁን ልብስ ሊገዛ የነበረው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ነጋዴው ይሄዳል። የዘገየ ክፍያ ያለ አዋጅ ቅድሚያውን ይሽረዋል።

አራተኛው ቃል ማፍረስ ነው። ገበሬዎች በመኸር ጊዜ በዚህ ዋጋ እናቀርባለን ብለው ፈርመው፥ የገበያው ዋጋ ከፍ ሲል እህሉን ለሌላ ቢሸጡ፥ ትምህርት ቤቱ ባዶ ድስት ይጥዳል። ለዚህም ውሉ በሚጻፍበት ጊዜ ዋጋው እንደ ገበያው ሁኔታ በተወሰነ ልክ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል መስማማት ይረዳል።

አምስተኛው የገበሬ ልብስ የለበሰ ነጋዴ ነው። እህሉን ከሌላ አገር አምጥቶ በዘመዱ ስም የሚያቀርብ አይጠፋም። ይህን ሊለይ የሚችለው በሩቅ ያለ መርማሪ ሳይሆን፥ የማን ማሳ የት እንዳለ የሚያውቅ የመንደር ሽማግሌ ነው።

፭ኛ ክፍል። በአገራችን

በቀድሞው ዘመን በአገራችን መንግሥት የገበሬውን እህል የሚያገኘው በአሥራትና በግብር ነበር፤ ገበሬው ሰጪ እንጂ ሻጭ አልነበረም። መንግሥት በውል ገዢ ሆኖ መምጣቱ ታላቅ የነገር ለውጥ ነው።

በ2009 የወጣው የፌዴራል መንግሥት የግዢና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 በአገር ውስጥ ለተመረተ ዕቃ አስተያየት እንዲደረግ ደንግጎ ነበር። ያ አዋጅ ቆይቶ በሌላ ቢተካም፥ አሳቡ ለአገራችን ሰው እንግዳ እንዳልሆነ ያስረዳል። ዳግመኛም የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2008 በጀመረው ከትንንሽ ገበሬዎች የመግዛት ሥራ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች፤ በዚህም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየኖች ለርዳታ የሚሆን በቈሎ በውል ያቀርቡ ጀመር። በ2012 ደግሞ ብራዚል ልምዷን ለአፍሪካ ስታካፍል፥ ለዚህ ሥራ ከተመረጡት አምስት አገሮች፥ ይኸውም ከማላዊ፥ ከሞዛምቢክ፥ ከኒዤርና ከሴኔጋል ጋር፥ ኢትዮጵያ ነበረችበት። በአገራችን በደቡብ በኩል በአካባቢው የተመረተ እህል ለትምህርት ቤት ምግብ ይገዛ ዘንድ የተሞከረው በዚህ መንገድ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም በ2016 በአገር ምርት የሚደረገውን የትምህርት ቤት ምገባ ደግፎ፥ የመጋቢት 1 ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር የአፍሪካ የትምህርት ቤት ምገባ ቀን እንዲሆን ወሰነ።

፮ኛ ክፍል። መምህራን ለተማሪዎች የሚያሳዩት ሒሳብና ፈተና

ይህ ትምህርት በቃል ብቻ እንዳይቀር መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚከተለውን ይጻፍ። ቁጥሩ ለመማሪያ የታሰበ ነው።

አንድ ትምህርት ቤት 300 ልጆች አሉት። ለአንድ ልጅ በቀን 100 ግራም በቈሎ ይመደባል። በዓመት 180 ቀን ይመገባሉ። 300 ጊዜ 100 ግራም፥ በቀን 30 ኪሎ ይሆናል። 30 ኪሎ ጊዜ 180 ቀን፥ በዓመት 5,400 ኪሎ ይሆናል፤ ይኸውም 54 ኩንታል ነው። አንድ ገበሬ ለቤቱ ካስቀረ በኋላ 6 ኩንታል ቢተርፈው፥ 54 ለ6 ሲካፈል 9 ገበሬዎች ትምህርት ቤቱን ይቀልባሉ ማለት ነው። እነሆ፥ ከሩቅ ሲያዩት ተራራ የመሰለው የመንግሥት ግዢ፥ በመንደር ልክ ሲቈረጥ የዘጠኝ ጎረቤቶች ሥራ ሆነ።

የእህሉንም ድርቀት ለመፈተን መሣሪያ ባይኖር፥ ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ፥ ደረቅ ጨውም ይበቃል። ጨውን በጠርሙሱ ጥቂት ያግቡ፤ ከላዩ እስከ ሲሶው እህል ይጨምሩ፤ ከድነው አንድ ደቂቃ ያህል ይነቅንቁት፤ ከዚያም ወደ 15 ደቂቃ ያቈዩት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ፥ እህሉ ከመቶ 15 የሚበልጥ ርጥበት አለውና ለጎተራ አልደረሰም፤ እንደ ገና ፀሐይ ያስፈልገዋል። ጨው ካልተጣበቀ ርጥበቱ ከዚያ በታች ነው። በቈሎን ለብዙ ጊዜ ለማቈየት ግን ወደ 13 ከመቶ ቢወርድ ይመረጣል። ስለዚህ ጨው አለመጣበቁ የመጀመሪያ ምልክት እንጂ የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም።

መደምደሚያ

መምህራን ሆይ፥ ውልን ማንበብ፥ ሚዛንን መፈተሽ፥ ደረሰኝን መጻፍ ለልጆች ያስተማራችሁ እንደ ሆነ፥ የአባታቸው እህል በመንግሥት ደጅ እንዳይመለስ አደረጋችሁ ማለት ነው። የአገር ሽማግሌዎች ሆይ፥ ቃሉን ያፈረሰውን ገበሬ ገሥጹ፤ ክፍያ ያዘገየውንም መሥሪያ ቤት ስለ ገበሬው በትሕትና፥ ግን ሳትሰለቹ ጠይቁ። ሁለቱን ያላስታረቀ ሽምግልና ግማሽ ነው።

ጥያቄዎች

፩። ቅድሚያና አድልዎ በምን ይለያያሉ?
፪። ሕጉ ከመቶ 10 አስተያየት ቢፈቅድ፥ የውጭው ስንዴ 200 ብር፥ የአገሩ 215 ብር ቢሆን ማን ያሸንፋል? የሚከፈለውስ ስንት ነው?
፫። የብራዚል ሕግ አንድ ቤተ ሰብ በዓመት የሚሸጠውን ለምን ወሰነ?
፬። በድርቅ ዓመት ከአካባቢ ገበያ ብዙ መግዛት ማንን ይጐዳል? ስለ ምን?
፭። የእናንተ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ቢመግብ በዓመት ስንት ኩንታል ይፈልጋል? በስንት ገበሬዎችስ ይሞላል? አስልታችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሩ።